ከሐረር ድሬዳዋ ተመላልሼ ለመሥራት ሳስብ፣ ስለ ሥራ ሰዓት ቀጣሪውን መቼና እንዴት ልጠይቅ?

ጠያቂ (ከሐረር)፦

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ሲሆን፣ ድሬዳዋ የሚገኝ አንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት በገንዘብ ያዥነት ለመቅጠር የፊታችን ሐሙስ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ማስታወቂያው ደመወዙን «በስምምነት» ብሎ ከማለፉ በቀር ስለ ሥራ ሰዓት የጠቀሰው ነገር የለም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑና የአራት ዓመት ልጄን የምትይዝልኝ እናቴ ስለሆነች፣ ማታ በስንት ሰዓት እንደምወጣ ማወቅ ለእኔ ከደመወዙ አያንስም።

ነገር ግን ከዚህ በፊት በሌላ መሥሪያ ቤት ገና እንደተቀመጥሁ ስለ ሰዓት ብጠይቅ፣ ጠያቂው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ሳትገቢ መውጫሽን ትጠይቂያለሽ?» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያም አልደወሉልኝም። ይህን የመሰለ ነገር እንዳይደገም ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1 (በሰው ሀብት አስተዳደር የሚሠራ፣ ድሬዳዋ)፦

እህቴ፣ ያ ሰውዬ የተናገረው ነገር ትክክል አይደለም፤ ሆኖም ብዙ ቀጣሪ እንደ እርሱ ስለሚያስብ ጥያቄው የሚነሳበት ጊዜና አነጋገሩ ዋጋ አለው። እኔ ሰው በማነጋግርበት ጊዜ፣ አመልካቹ ሥራውን እንደሚችል ካሳየ በኋላ «አንቺስ የምትጠይቂው አለ?» ስል ስለ ሰዓት ቢጠይቀኝ፣ ሥራውን አስቦበት የመጣ ሰው አድርጌ እወስደዋለሁ እንጂ ሰነፍ ነው አልልም። «ስንት ሰዓት እወጣለሁ?» ከማለት ይልቅ በሥራው በኩል ግቢ፦ «ሽያጩ ጠዋት በስንት ሰዓት ይጀመራል፣ ካዝናው ማታ በስንት ሰዓት ተቆጥሮ ርክክብ ይደረጋል?» በይ። ገንዘብ ያዥ በሩ ሲዘጋ ሳይሆን ሂሳቡ ሲገጥም ነው የምትወጣውና፣ ሱቁ የሚዘጋበትን ሰዓት ብቻ ጠይቀሽ ብትመለሺ ግማሹን ሳታውቂ ቀረሽ ማለት ነው።

ሕጉንም በልብሽ ያዥው፤ እዚያ ቁጭ ብለሽ አንቀጽ እንድትጠቅሺ ግን አልመክርሽም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊያልፍ አይችልም፤ ክፍያውም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው የመደበኛው ሰዓት ደመወዝ በ1.5 ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ካዝና ቆጠራ ከ8 ሰዓት በላይ የሚያስቆይ ከሆነ «ይህ በትርፍ ሰዓት ይታሰባል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መልስ 2 (ከሳቢያን)፦

ከላይ የተሰጠውን ምክር ባከብርም በአንድ ነገር አልስማማም። ከድሬዳዋ ለሚያመለክት ሰው እስከ መጨረሻው መታገሥ ይቻል ይሆናል፤ ከሐረር የትራንስፖርት ከፍላ የምትመጣ ሴት ግን ዛሬውኑ ደውላ ብትጠይቅ ምን ታጣለች? በስልክ ጥያቄ የሚቆጣ ድርጅት ከተቀጠርሽ በኋላ ምን ዓይነት እንደሚሆን ካሁኑ መገመት ይቻላል።

እኔን የጎዳኝ ግን ቁጣ ሳይሆን ደግነት ነበር። በአንድ መጋዘን ስቀጠር ስለ ሰዓት ጠይቄ ነበር፤ ባለቤቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አቦ፣ ስለ ሰዓት ምን ችግር አለ፣ እንግባባለን» አለኝ። ከጅቡቲ ጭነት በገባ ቁጥር እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቆይቼ፣ ወሩ ሲያልቅ የትርፍ ሰዓቱን ብጠይቅ «ተግባብተን አልነበረም?» ተባልሁ። «እንግባባለን» የሚል መልስ ከሰማሽ ጥያቄሽ ገና አልተመለሰምና፣ ፈገግ ብለሽ ድገሚው። ውልሽ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥሽ አዋጁ ያዛል፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ከለቀቅሁ በኋላ ነው።

መልስ 3 (ከከዚራ)፦

ስለ ቀትሩ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ድሬ ውስጥ በሙቀቱ ምክንያት እኩለ ቀን ላይ ለረጅም ሰዓት የሚዘጋ ድርጅት ብዙ ነው። ለእኛ ቤታችን ገብተን የምናርፍበት ጊዜ ነው፤ አንቺ ግን በዚያ ፀሐይ የት ትቀመጫለሽ? ስንት ሰዓት እንደምትሠሪ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱ እንዴት እንደተከፋፈለ ጠይቂ።

ጠያቂ (ከሐረር)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመደወል አልደፈርሁም፤ ሐሙስ ዕለት ግን ጥያቄዎቹን ጨርሰው ወደ እኔ ሲመለሱ የካዝናውን ርክክብ አስቀድሜ ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጇ ቅር አልተሰኙም። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንደሚሠራ ነገሩኝ። ሲደመር በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ስለሚሆን በሕጉ በኩል የምለው አልነበረኝም፤ ሆኖም የከዚራው ሰው እንዳሉት እኔን የሚይዘኝ መሐል ላይ ያለው ሦስት ሰዓት ነው፤ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ተሳፍሬም ሐረር የምደርሰው ልጄ ከተኛ በኋላ ነው።

ስለዚህ በቀትር እረፍት ፋንታ የጠዋቱን ደረሰኝ እዚያው ሆኜ እየመዘገብሁ በ10 ሰዓት ተኩል ብወጣ፣ የማታውን ካዝና ደግሞ ሌላዋ ሠራተኛ ብትረከብ ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። ባለቤቱን አነጋግረው ሰኞ እንደሚደውሉልኝ ነገሩኝ፤ ያልሁትንም ሰዓት በማመልከቻዬ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሲጽፉት አይቻለሁ።