«ጥራት ገንዘብ ይጠይቃል» ለሚሉን

ሰዋስው፦ «ማኅተም» ቀደም ብለው የጻፉትን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ምርምር ለሁሉም አንባቢ ክፍት እንዲሆን ደራሲው የኅትመት ክፍያ መክፈሉን ሲደግፉ «ጥራት ገንዘብ ይጠይቃል» ብለው ነገሩን ዘጉት። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2021 አንድን ጽሑፍ በክፍት ተደራሽነት ለማውጣት 9,500 ዩሮ መጠየቅ ጀመረ፤ ጽሑፉን መስመር በመስመር የሚገመግሙት ምሁራን ግን ሰባራ ሳንቲም አያገኙም። ጥራቱን የሚጠብቁት እነሱ ከሆኑ ገንዘቡ የሚጠየቀው በማን ስም ነው?

ማኅተም፦ ገምጋሚው ያለ ክፍያ መሥራቱን አልካድኩም። ሆኖም ኔቸር ከሚቀርቡለት ጽሑፎች አብዛኛዎቹን የሚመልስ መጽሔት በመሆኑ፣ የተመለሱትን ያነበቡት ቋሚ አዘጋጆች ደመወዝ የሚሸፈነው ከታተሙት ነው። እርማቱ፣ የተጭበረበረ ምስል መፈተሹ፣ ጽሑፉን ለዘለቄታው ማኖሩ ሁሉ ሠራተኛ ይፈልጋል። አሁንም ጥራት ገንዘብ ይጠይቃል እላለሁ።

ንቁ አንባቢ፦ ገንዘቡ ተከፍሎስ ጥራቱ የት ደረሰ? ሂንዳዊ የተባለው የምርምር መጽሔቶች አሳታሚ ከደራሲዎች እያስከፈለ ሲያትም ኖሮ፣ ሌላው አሳታሚ ዋይሊ ከገዛው በኋላ በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎቹ ተሽረዋል። ብዙዎቹ በልዩ እትሞች በኩል፣ በተጭበረበረ ግምገማ ያለፉ ነበሩ። ገቢ በታተመው ጽሑፍ ብዛት ሲለካ ደካማውን ጽሑፍ መመለስ ከራስ ካዝና መቀነስ ይሆናል።

ማኅተም፦ የአንዱን ጥፋት በሁሉም ላይ አይለጥፉ፤ ጽሑፎቹን የሻረውም አሳታሚው ራሱ ነው። አቅም ለሌላቸው አገሮች ተመራማሪዎችም ክፍያው ይነሣላቸዋል።

ሰዋስው፦ ይነሣላቸዋል ያሉት በብዙ አሳታሚዎች ዘንድ ገቢያቸው እጅግ ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች ነው። ከዚያ ከፍ ያሉት ግማሹን እንዲከፍሉ ይደረጋል፤ በመካከለኛ ገቢ ላይ ያሉ ብዙ አገሮች ደግሞ ከዝርዝሩ ጭራሽ ውጭ ናቸው። ግማሹም ቢሆን ለአንድ ወጣት መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪ ሥራውን ለማሳተም ደጅ መጥናት የለበትም።

የታሪክ ተማሪ፦ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ቤተ ሙከራ ሳይንስ ነው። በታሪክና በሥነ ጽሑፍ አብዛኛው ምርምር የሚሠራው ያለ ድጎማ ስለሆነ፣ የኅትመት ክፍያ የሚሸፈንበት በጀት ከመነሻው የለም። ኦፕን ላይብረሪ ኦፍ ሂውማኒቲስ የተባለው አሳታሚ ግን ከደራሲው ምንም ሳይቀበል፣ ቤተ መጻሕፍት በሚያዋጡት ገንዘብ የተገመገሙ መጽሔቶችን ያወጣል። በላቲን አሜሪካም ሳይኤሎ የተባለው የመጽሔቶች የኢንተርኔት መድረክ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በሕዝብ ገንዘብ እየተደገፈ መጽሔቶችን ለሁሉም ክፍት አድርጓል።

ማኅተም፦ መዋጮውም ገንዘብ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በጀታቸው የተቀነሰ ዕለት ማን ይተካል?

ንቁ አንባቢ፦ በ2023 ኒውሮኢሜጅ የተባለው የአንጎል ምርምር መጽሔት ከ40 በላይ አዘጋጆች፣ 3,450 ዶላር የደረሰው ክፍያ እንዲቀነስ ጠይቀው እምቢ ስለተባሉ በአንድነት ለቀቁና ኢሜጂንግ ኒውሮሳይንስ የተባለ አዲስ መጽሔት መሠረቱ። ዕውቀቱም ልምዱም አብሯቸው ወጣ።

ማኅተም፦ አዲሱስ መጽሔት በነፃ ያትማል? እሱም 1,600 ዶላር ብሎ ነው የጀመረው። የተናገርኩትን እርስዎ ራስዎ አረጋገጡልኝ።

ሰዋስው፦ ያረጋገጡት እኔ የጠየቅሁትን ነው። እነዚያው ሰዎች ያንኑ ሥራ በ1,600 ከሠሩት፣ የቀረው 1,850 ዶላር የየትኛው ጥራት ዋጋ እንደነበር ሒሳቡን ዘርዝረው ያሳዩን።