ከሐዋሳ ወደ ሎንግየርብየን በጥር

ጥያቄ፦ በጥር ስቫልባርድ (በሰሜን ዋልታ አካባቢ ያሉ የኖርዌይ ደሴቶች፤ ዋና ከተማቸው ሎንግየርብየን) ያሉ ጓደኞቼን ልጠይቅ ነው። ቪዛና ልብስ ላይ ምን ልጠንቀቅ? ጋቢ ይበቃል እንዳትሉኝ!

መልስ 1፦ ስቫልባርድ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም፤ በኦስሎ ስለምታልፍ ግን የሸንገን ቪዛ (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ያስፈልግሃል። ደሴቶቹ ከሸንገን ውጭ ስለሆኑ ስትመለስ እንደ አዲስ ነው የምትገባው። ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ጠይቅ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

መልስ 2፦ ከሥር ጥጥ አትልበስ፤ ላብ ይዞ ያቀዘቅዝሃል። ቀጭን የሱፍ ልብስ፣ ከላዩ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጫማህን አንድ ቁጥር ጨምር፤ በድርብ ካልሲ ከጠበበህ ደም አይዘዋወርም፣ ጣትህ ይደነዝዛል። ስልክህን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዝ፣ ባትሪው በብርድ ቶሎ ይሞታል።

መልስ 3፦ በጥር ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም፤ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዝ። የዋልታ ድብ ስላለ መሣሪያ የያዘ ሰው ሳይኖር ከከተማው አትውጣ። ለጓደኞችህ የሲዳማ ቡና አትርሳ።