እናስቀድሳለን፣ ለምን አንቆርብም? የጎንደር ልጆች ክርክር

የቀሃው፦
እንደምን አመሻችሁ። በጥምቀት ምንጣፍ የምናነጥፈው እኛ፣ ታቦት አጅበን ፋሲለደስ መዋኛ የምናድረው እኛ፣ ውኃው ሲባረክ ዘለን የምንገባው እኛ። እዚያው ሌሊቱን ይቀደሳል፣ ሥጋ ወደሙ ይቀርባል። ከምንጣፍ አንጣፊው ስንቱ ይቆርባል? የሚሰለፉት እናቶች ያዘሏቸው ሕፃናትና መቋሚያ የተደገፉ አዛውንት ናቸው። መሃሉ ባዶ ነው። ጥያቄዬ፦ ይህ ክብር መስጠት ነው ወይስ ራስን ማስራብ? ቤተ ክርስቲያን ወጣቱን ወደ ቁርባን ለማምጣት አሠራሯን ታስተካክል ወይስ ጥፋቱ የእኛው ነው? ስድብ ያመጣ ይወጣል።

ባለማተብ፦
ጥያቄህ ደግ፣ አካሄድህ ግን አልጣመኝም። ምኗን ነው የምታስተካክለው? ሥጋ ወደሙ እኮ እሳት ነው። በቅዳሴው ሲነገር አልሰማህም? ንጹሕ የሆነ ይቀበል፣ ያልሆነ በመለኮት እሳት እንዳይቃጠል አይቀበል ነው የሚለው። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ሳይገባው የበላና የጠጣ የጌታ ሥጋና ደም ዕዳ አለበት ብሏል። ቅዳሜ ማታ ፒያሳ ሲያመሽ የነበረ ሁሉ እሑድ ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ ቢሰለፍ ድፍረት እንጂ ሌላ ስም የለውም። እኔ የማልቆርበው ራሴን ስለማውቅ ነው።

ተረኛዋ፦
ወንድሜ ባለማተብ፣ ጥቅሱን መሃሉ ላይ ቆረጥከው። ቁጥር 28 «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ይላል። ፈትኖ ይቅር አላለም።

ባለማተብ፦
እሺ፣ ፈተንኩ፣ ወደቅሁ። ከዚያስ?

የቀሃው፦
ከዚያማ ንስሐ ነዋ! ወድቀህ እዚያው ልትቀመጥ ነው?

የቁስቋሙ፦
ልጆቼ፣ የእኛን ዘመን ልንገራችሁና ፍረዱ። እኛ የተጋባነው በሰማንያ ውል ነው፣ ያለ ቁርባን። ቁርባን ማለት ለእኛ የማይፈታ ጋብቻ ማለት ነበር፤ ከቆረቡ በኋላ መፋታት የለም። ስለዚህ ሰዉ «ትዳሩ ይጽና፣ ልጅ እናድርስ» እያለ ያቆየዋል። ደግሞ ቆራቢ የተባለ ሰው ጠላ ቤት አያመሽም፣ በመሬት ድንበር ከጎረቤቱ አይካሰስም፣ ቢቆጣ እንኳ «ቆርቦ እንዲህ ይላል» ይባላል። አገሬው ዓይኑን ይጥልበታል። እኔና ባለቤቴ የመጨረሻዋን ልጃችንን ከዳርን በኋላ ነው አብረን የቆረብነው። ያን ቀን ያገኘሁትን ሰላም በቃል አልናገረውም። ግን ቀድመን ብናደርገው ኖሮ ስንቱን ጠብ ባልተጣላን ነበር። ፈርተን ነው ስንል የፈራነው እግዚአብሔርን ነበር ወይስ አገሬውን? እስካሁን አልለየልኝም።

ተረኛዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ይህን የሚናገር ሰው አጥተን ነው።

ጎረቤት፦
እኔ የመካነ ኢየሱስ ነኝ፤ አብሮ አደጎቻችሁ ነን ብዬ ልግባ። የምትከራከሩት ማን ይቆርባል በሚለው ነው። እኔ ደግሞ ምን እንደሚበላ ልጠይቅ። ዮሐንስ 6 ላይ ጌታ «እኔ የሕይወት እንጀራ ነኝ» ካለ በኋላ ወዲያው ወደ እርሱ የሚመጣ አይራብም፣ በእርሱ የሚያምን አይጠማም ይላል። ወደ ምዕራፉ መጨረሻም ሕይወት የሚሰጠው መንፈስ ነው፣ ሥጋ ምንም አይጠቅምም ብሏል። ታዲያ ክርስቶስን መመገብ በየዕለቱ በእምነትና በቃሉ የሚሆን አይደለም? ጽዋው በዓመት አንዴም ባይገኝ ነፍስ ትራባለች?

የሰፈሩ ቀልደኛ፦
ፋሲል ያባረረህ መስሎኝ።

ጎረቤት፦
ፋሲል ያባረራቸው ካቶሊኮቹን ነው፤ እኛ ያን ጊዜ ገና አልመጣንም 😄

ዲያቆኑ፦
ጎረቤት፣ ጥሩ ነጥብ አነሣህ፤ ግን የራስህ አባት አይስማማህም። መካነ ኢየሱስ የምትከተለው ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ማርቡርግ ላይ ከስዊሱ የተሐድሶ መሪ ከዝዊንግሊ ጋር ሲከራከር «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ቃል ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ጽፎ አልነቃነቅም ያለ ሰው ነው። መታሰቢያ ብቻ ነው ያለው ዝዊንግሊ ነበር።

ወደ ዮሐንስ 6 ስንመጣ፣ ምዕራፉ ስለ እምነት ይጀምራል፤ ልክ ነህ። ከቁጥር 51 በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። የምሰጠው እንጀራ ሥጋዬ ነው ሲል አይሁድ ተከራከሩ። እርሱ አላለዘበውም፤ «የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» ብሎ አጠነከረው። ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎች ወደ ኋላ ሲመለሱ ምሳሌ ነው ብሎ አልጠራቸውም። «ሥጋ ምንም አይጠቅምም» የሚለው ስለ ራሱ ሥጋ ቢሆንማ «ሥጋዬን ስለ ዓለም ሕይወት እሰጣለሁ» ያለውን ራሱ ሊያፈርሰው ነው። የሥጋን አስተሳሰብ ነው የነቀፈው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቄርሎስ የቁስጥንጥንያውን ንስጥሮስን ሲያወግዝ ከ12ቱ ግዝቶች 11ኛው የጌታ ሥጋ ሕይወት ሰጪ መሆኑን ለማያምን ነው። ምክንያቱም የቃል የራሱ ሥጋ ነው። ተዋሕዶ ስንል የምንከራከረው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ጻሕሉ ላይ፣ ሥጋው በሚቀርብበት ሳሕን ላይ፣ ያለው ማን ነው ለማለት ነው። ቁጥር 57ን ደግሞ እዩት፦ «የሚበላኝ ደግሞ ከእኔ የተነሣ ሕያው ይሆናል»። አብ ለወልድ ሕይወት እንደሆነ፣ ወልድ ለሚበላው ሕይወት ይሆናል። ይህን ሰምቶ «እኔ ይቅርብኝ» ማለት ትሕትና ነው ትሉኛላችሁ?

አሁን ወደ ባለማተብ። አፈ ወርቅ ዮሐንስ፣ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው፣ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም በ3ኛው ድርሳኑ ልክ እንደኛ ያለ ሕዝብ ገሥጿል። በዓል ሲሆን ይጋፋሉ፣ በሌላው ቀን መሥዋዕቱ ይቀርባል፣ የሚካፈል ግን የለም ይላል። ሰው ለድግስ ተጠርቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሳይቀምስ ቢቀር ጠሪውን አልሰደበምን? ብሎ ይጠይቃል። «አልበቃሁም» ለሚለውም መልስ አለው፦ ለቁርባኑ ካልበቃህ ለጸሎቱም አልበቃህም። ይህ የ4ኛው መቶ ዓመት ነገር ነው። በዚያው ዘመን የቂሳርያው ባስልዮስ በሳምንት አራት ቀን፣ እሑድ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ እንቆርባለን ብሎ ጽፏል። ካቶሊኮቹም እ.ኤ.አ. በ1215 ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ብለው በሕግ እስኪያዙ ድረስ ሕዝባቸው ርቆ ነበር። ስለዚህ ርቀቱ የጎንደር ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት ግን አይደለም።

እኔ ደሙን በዕርፈ መስቀል፣ በማንኪያው፣ የማቀብል ነኝ፤ ከዚያ ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ። እናት ልጇን ታቅፋ ትመጣለች። ካህኑ ሥጋውን ያቀብላሉ፣ እኔ ደሙን። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። እናቲቱ የልጇን አፍ በነጠላዋ ሸፍና ዞር ትላለች። ለራሷ አትጠይቅም። ልጁ በ40 ቀኑ ወይም በ80 ቀኗ ተጠምቆ የቆረበው «በቅቶ» ነው? ማንም አልበቃም። ለሕፃኑ የምናምነውን ለእናቱ ለምን አናምንም?

ባለማተብ፦
ሕፃን ኃጢአት የለበትማ!

ዲያቆኑ፦
አዎ፤ ለአዋቂው ንስሐ የተሰጠው ለዚህ ነው። ንስሐ ወደ ቁርባን የሚያስገባ በር ሆኖ ሳለ አንተ አጥር አደረግኸው።

ተረኛዋ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ነርስ ነኝ። የ18 ሰዓቱን ጾም አውቃለሁ፣ አከብራለሁ። ለእሑድ ጠዋት ቁርባን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እህል ውኃ አይቀመስም። የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ በዚያው ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ እሠራለሁ፣ ጠዋት ካባዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን ለብሼ እሮጣለሁ። አንዳንዴ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምደርሰው። አሁን ያቆመኝ ጾሙ ግን አይደለም። ባለቤቴ አይቆርብም፤ «አንቺ ቁረቢ፣ እኔን ተይኝ» ይላል። ለብቻሽ አይሆንም ስባል ሁለት ፋሲካ አለፈኝ። ከጠየቅኳቸው ሰዎች ደግሞ አንዱ ይሆናል፣ ሌላው አይሆንም ይላል። የተራበ ሰው እንዲህ እያሉት ምን ያድርግ?

የቀሃው፦
ያልኩት ይኼን ነው። «አሠራር ይስተካከል» ስል ጾሙ ይቅር፣ ንስሐው ይቅር አላልኩም። የሚመራን ይኑር ነው። ስንቶቻችሁ ናችሁ ንስሐ አባታችሁን የምታውቁት?

የሰፈሩ ቀልደኛ፦
እኔ አውቃቸዋለሁ። የአያቴ ተዝካር ላይ አይቻቸዋለሁ።

የቀሃው፦
ይኸው! ቀልድ ነው የምትለው? ንስሐ አባት ማለት ለክርስትና፣ ለጠበልና ለፍታት የሚመጡ ሰው ሆነዋል። በ44ቱ ታቦት ከተማ ወጣቱ ልቡን የሚያወጣለት ካህን አጥቶ «ፈርቼ ነው» ይላል። ከፍርሃቱ ይልቅ ዕድሉ ነው የጠፋው።

ባለማተብ፦
እዚህ ላይ ግማሹን እቀበልሃለሁ። ግን ጥፋቱን በካህናቱ ላይ ብቻ አትጫን። አንድ ካህን ስንት የንስሐ ልጅ አለው? አንተስ ቤታቸው ሄደህ ታውቃለህ ወይስ እንዲመጡልህ ትጠብቃለህ? ሌላም ልበል፣ ዲያቆን አትቆጣ፤ «ማንም አልበቃም» ብሎ ማስተማር ለሰነፍ ጆሮ «እንግዲያው ዝም ብለህ ግባ» ነው የሚመስለው። በሠርግ ሰሞን አይታችሁ የለ? ተክሊል ያምራል ተብሎ፣ ለቪዲዮ ተብሎ የሚቆርብ ሙሽራ አለ። በዓመቱ ሲፋታ ነውሩ የማን ነው?

የቁስቋሙ፦
ይኼስ እውነት ነው ልጄ። አይተናል።

ጎረቤት፦
እኔ ካነሣሁት አልወጣሁም፤ ያለ እምነት አፍ ብቻ ቢበላ ምን ይጠቅማል የሚለው አሁን ባለማተብ ካለው ጋር የተገናኘ መሰለኝ። ዲያቆን፣ ስለ ሉተር ያልከውን እቀበላለሁ፤ እኛም ሥጋውና ደሙ በእውነት አለ ብለን ነው የምናምነው። ብዙ ሰው ግን ፕሮቴስታንት ሁሉ አንድ ይመስለዋል።

ዲያቆኑ፦
ተስማማን። ያለ እምነትና ያለ ንስሐ የበላ ለፍርድ እንደሚበላ ጳውሎስ ተናግሯል፤ እኔም ያን አልካድኩም። ባለማተብ ስለ ሠርጉ ያለውንም አልክድም፤ ግን ለቪዲዮ የቆረበ ስላለ በእውነት የተራበው ይጾም አይባልም። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው። አንተ አደጋውን አይተህ መራቅን ትመርጣለህ። እኔ አደጋውን አይቼ በንስሐ መቅረብን እላለሁ፤ ርቆ መቅረትም አደጋ ነውና። «ሕይወት የላችሁም» የተባለው ላልበሉት ነው።

እኅቴ ተረኛዋ፣ የአንቺን ነገር እዚህ ማንም አይወስነው፤ እኔም አልወስንም። ሥርዓቱ ባልና ሚስት አብረው እንዲቆርቡ ነው የሚመክረው። እምቢ ያለ ባል ያላት ምን ታድርግ የሚለው ግን የአንቺን ቤት በሚያውቅ ንስሐ አባት ይታያል። ከየሰዉ አትሰብስቢ፤ አንድ አባት ያዢ፣ ለእርሳቸው ብቻ ንገሪያቸው። ከተቻለም ባለቤትሽን ለንስሐ ሳይሆን ለመተዋወቅ ብቻ ይዘሽው ሂጂ። እንደሱ ያሉ ብዙ ወንዶች የሚፈሩት ቁርባኑን ሳይሆን ካህኑ ፊት መቀመጡን ነው።

ተረኛዋ፦
እሺ ዲያቆን። እሱስ ቡና እንጠጣ ብለው ቢጠሩት ይመጣል፤ ስብከት ከሆነ ነው የማይመጣው።

ባለማተብ፦
የ18 ሰዓቱም ንስሐውም ባለበት ይቆይ እንጂ፣ ሌላው ላይ አልከራከርም።

የቀሃው፦
ማን ይነሣ አለ? እኔ የምለው በየደብሩ ሳምንት በሳምንት የታወቀ ቀንና ሰዓት ይኑር፣ ካህን ቁጭ ብሎ ወጣቱን የሚሰማበት። ሰንበት ትምህርት ቤት ያላችሁ ልጆች ይህን ለአለቆቹ አቅርቡ። ባለማተብ፣ አንተም አብረህ ግባ፤ ተቃዋሚው ሲጠይቅ ይሰማል።

ባለማተብ፦
እገባለሁ። ግን ቀልደኛው አይምጣ።