የሰሜን ሸዋ ቢራቢሮና የውሃ ተርብ ስርጭት ካርታ፦ በወረዳ ወይስ በከፍታ?

ይፋት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው መንገድና በአንኮበር በኩል በስልክ የተነሱ 400 ያህል ፎቶዎች አሉኝ፤ የቢራቢሮና የውሃ ተርብ። የውሃ ተርብ የምለው ረጅም ቀጭን ገላ ያላትን፣ ውሃ ዳር የምትመላለሰዋን ነው። እያንዳንዱን ዝርያ ባለበት ወረዳ ቀለም እየቀባሁ ካርታ ሠራሁ፤ ነገር ግን ሁሉም ሁሉም ጋ ያለ ይመስላል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? የመስከረሙ ቆጠራ ሳይደርስ ማረም እፈልጋለሁ።

በረሳ ዳር

ወንድሜ፣ ስህተቱ ወረዳው ላይ ነው። አንኮበርን ብቻ ተመልከት፦ ላይኛው ጫፍ አስታ የሚበቅልበት ውርጭ ነው፤ ታችኛው ከአልዩ አምባ ወርዶ ግራር የበዛበት ቆላ። ሁለቱን በአንድ ቀለም ስትቀባ የውርጯም የቆላዋም ቢራቢሮ «አንኮበር አለች» ትባላለች። ሸዋ ሮቢት 1280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጣርማ በር ዋሻ ከ3000 ሜትር በላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሙቀቱ ልዩነት ግን ከ10 ዲግሪ ያልፋል።

ስለዚህ ነጥቦቹን በየ200 ሜትር ከፍታ መድባቸው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያልክ መሰብሰቡ ኋላ ይደርሳል። በአራቱ ከጀመርክ ደጋው ብቻውን ከ2300 እስከ 3200 ሜትር ስለሚሸፍን ዝርያዋ የት ላይ እንደምታቆም አይታይህም።

ቀጥሎ አባጨጓሬዋ የምትመገበውን ቅጠል መዝግብ። ጦቢያው ባለበት ቆላ ብርቱካንማዋ ዳናውስ ክሪሲፐስን ጠብቅ፤ ሎሚና ብርቱካን ባለበት ጓሮ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስን፤ ደጋ ላይ ቱልትና እምቧጮ ባለበት ትንሿን መዳብማ ሊኬና ፍሌያስን፤ ሳማ በበዛበት እርጥብ ገደል ቫኔሳ አቢሲኒካን። የፓፒሊዮን አባጨጓሬ ለጋ የሎሚ ቅጠል ላይ ፈልግ። ትንሽ ሳለች ቡናማና ነጭ ሆና የወፍ ኩስ ትመስላለች፤ ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ስትነካት ከራሷ ኋላ ቀንድ የመሰለ የሚሸት ሥጋ ታወጣለች። ለካርታህ አንድ አባጨጓሬ ከአምስት በራሪ ይበልጥብሃል፤ በራሪዋን ነፋስ ከቆላ ሽቅብ ሊያመጣት ይችላል።

ዳናውስን ከምትመስላት ሌላ ቢራቢሮ፣ ከሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴት፣ እንዳታምታታ። የፊት ክንፏን ጫፍ አትመን፣ የኋላ ክንፏን እይ፦ ዳናውስ ወደ መሃሉ ሦስት ጥቁር ነጥብ አላት፣ ወንዱ አራት፤ ሂፖሊምናስ ላይኛው ጠርዝ ላይ አንድ ብቻ።

ጀማ ሸለቆ

ለቢራቢሮው እስማማለሁ። ለውሃ ተርብ ግን ከፍታ ብቻውን አይበቃም፤ እጯ ውሃ ውስጥ ስለምታድግ ተፋሰሱና የውሃው ዓይነት ይቀድማል። ከሸንተረሩ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው፣ እንደ በረሳ ያለው፣ ጀማ ገብቶ ዓባይ ይወርዳል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው፣ እንደ ሮቢ ያለው፣ አዋሽ ይገባል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ተፋሰሱን ጻፍ፤ ውሃውንም ለይ፦ ወራጅ፣ የተኛ ወይስ የዝናብ ኩሬ።

ፓንታላ ፍላቬሰንስ የምትባለው ቢጫማ ተጓዥ ዝናብ ተከትላ ስለምትመጣ የትም ልታያት ትችላለህ፤ ካርታህን የምታደበዝዘው በዋናነት እሷ ናት። ለብቻ አውጣት። ትኩረትህን ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኙት ላይ አድርግ፣ ለምሳሌ ኦርቴትረም ክሪስተንሰኒና ኢስክኑራ አቢሲኒካ።

መራቢያዋን የሚያረጋግጥልህ እጯ አውልቃው የምትወጣው ባዶ ቆዳ ነው። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ከውሃው ጠርዝ እስከ 1 ሜትር ከፍታ ያለውን ቄጠማና ድንጋይ ፈትሽ። በክብሪት ቀፎ ደረቁን አስቀምጠው፤ ቦታና ቀኑን በእርሳስ ጻፍ፣ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይለቃል። በሐምሌና ነሐሴ ባታገኝ «የለችም» አትበል፤ ጎርፉ ቆዳውን ጠርጎት ይሆናል።

ይፋት (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። ፎቶው ላይ የተመዘገበው ከፍታ ይበቃኛል? አንዳንዱን ነጥብ ከድሮ የወረቀት ካርታ ነው የወሰድኩት፤ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ነው።

ገደል አፋፍ

ሦስቱም ያሳስባሉ። ስልክ የሚሰጠው ከፍታ ገደል ሥር በአሥር ሜትሮች ይሳሳታል፤ ነጥቡን ብቻ ያዝና ከፍታውን ከሳተላይት የከፍታ መረጃ ላይ አንብብ። የድሮዎቹ 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ ልኬት መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ናቸው፤ ስልክህ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ሳትቀይር ካዋሃድካቸው ነጥቡ 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። ሜዳ ላይ ግድ የለም፤ ደብረ ሲና ገደል ላይ ግን ሌላ የከፍታ ምድብ ውስጥ ይጥልሃል።

ቀኑ ከሁሉ የከፋው ነው። መስከረም 12ን 12/01 ብለህ ካስገባህ ኮምፒውተሩ ጃንዋሪ ይለዋል፤ ዝናብ በወጣ ማግስት ያየሃት ቢራቢሮ የበጋ ትሆናለች። ዓመቱም በ7 ወይም በ8 ወደ ኋላ ይቀራል። ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ አይቀበልህም። የእኛን ቀን በአንድ አምድ በፊደል፣ የተቀየረውን በሌላ አምድ አስቀምጥ።

በረሳ ዳር

ለመስከረሙ፦ በየምድቡ 1 ኪሎ ሜትር መስመር ምረጥ፣ ቢያንስ ግማሹ ከአስፋልቱ የራቀ ይሁን፤ አሁን ያለህ ካርታ የደሴን መንገድ ነው የሚያሳየው። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ ፀሐይ ባለበት፣ በዝግታ እየሄድክ ግራና ቀኝ 2.5 ሜትር፣ ወደፊት 5 ሜትር ውስጥ ያለውን ብቻ ቁጠር። ጉም ከወረደ አቁም፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ባንድ አፍታ ይዘጋል። በየመስመሩ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተመላለስ፣ ምንም ያላየህበትንም ቀን ዜሮ ብለህ ጻፍ። ባዶ ቦታና ያልተሄደበት ቦታ የሚለዩት በዚያ ዜሮ ብቻ ነው።

ጀማ ሸለቆ

አንድ ልጨምር። መለያው ላይ «ሰሜን ሸዋ» ብቻ አትጻፍ፤ በኦሮሚያም በፍቼ በኩል ሰሜን ሸዋ ዞን አለ። ክልል፣ ወረዳና ቅርብ ያለውን የወንዝ ስም አብረህ አስፍር።