የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው ልጅ እንቅልፍም እምቢ ሲለው

እናት ከቆጪ
ልጄ 4 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ማንኪያ አጥብቆ አይዝም፣ ቁልፍ አይቆልፍም። የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ሊሆን ይችላል ተብሎ ክትትል ላይ ነን። የ2 ሳምንት መዝገቤ ይህ ነው፦ አልጋ የሚገባው 2 ሰዓት፣ እንቅልፍ የሚወስደው 4 ሰዓት ተኩል፣ ሌሊት ሁለት ሦስቴ ይጠራኛል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እቀሰቅሰዋለሁ። ቀን ደግሞ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይተኛል። ባለ ክብደት ብርድ ልብስ ልግዛለት ወይስ ጋቢ ልደርብለት?

ፊዚዮ ጅማ
ክብደቱን ተዪው። እጁ እንደልቡ የማይታዘዝለት ልጅ ፊቱ ላይ የወጣ ከባድ ነገር ገፍቶ ላይጥል ይችላል።

ሌሊት የሚያስጠራው ብርድ ሊሆን ይችላል። ብርድ ልብሱን መግፈፉን ይገፍፈዋል፤ ጫፉን ፈልጎ መልሶ መልበስ ግን ለእሱ ሥራ ነው። እኛ ሳንነቃ የምናደርገውን እሱ ሙሉ በሙሉ ነቅቶ ነው የሚያደርገው። ብርድ ልብሱን በግርጌው በኩል ፍራሽ ሥር አጥፈሽ ክተቺው፣ ላይኛው ጫፍ ከደረቱ አይለፍ። ጋቢ እግሩ ላይ ይተበተባል፣ ይልቅ ካልሲና ሹራብ አልብሺው።

አጎበሩንም እዪው። ክቡ ዓይነት ከላይ ስለሚጠብ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ በተገላበጠ ቁጥር ፊቱን ይነካዋል። አራት ማዕዘኑን በአራቱም ጥግ ወጥረሽ እሰሪው። ማውጣቱ አይታሰብም፣ ወባ አለ።

ልብስ መቀየር ከእራት በፊት ይለቅ። ከእጅጌ ጋር 20 ደቂቃ የታገለ ልጅ አልጋ የሚገባው ነቅቶ ነው። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪና አንገቱ ሰፊ ካናቴራ ይበቃዋል፤ ፊትና ጀርባውን እንዲለይ ደረቱ ላይ ሥዕል ያለው ቢሆን ጥሩ ነው።

ነርስ ከሄርማታ
ደምሪው፦ ሌሊት 8፣ ቀን 1 ተኩል፣ በጠቅላላው 9 ሰዓት ተኩል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው። ብዙም አልጎደለም፣ የተዛባው አደላደሉ ነው። 11 ሰዓት ተኩል የነቃ ልጅ 2 ሰዓት ላይ ምን እንቅልፍ አለው?

የቀኑን ወደ 7 ሰዓት ተኩል አምጪው፣ ከ45 ደቂቃም አይለፍ። ማታ ለጊዜው 4 ሰዓት ተኩል ላይ አስተኚው። በ20 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ ሲወስደው በየ3 ሌሊቱ 15 ደቂቃ ቀደም አድርጊ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ለመድረስ 8 እርምጃ ነው፣ 24 ሌሊት። የጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አይነካ፤ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እሑድ ጠዋት "ይተኛ፣ ደክሞታል" ሲባል ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ይነጫነጫል፣ ይበልጥ ሊወድቅም ስለሚችል ደረጃ ላይ እጁን ያዢው።

በረካው ቀጭን ነው ተብሎ ለልጅ የሚቀዳው ቡናም ይቅር (ጅማ ተቀምጦ ይህን ማለት ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ)። በአዋቂ ሰውነት እንኳ የካፌይኑ ግማሽ ገደማ ከተጠጣ ከ5 ሰዓት በኋላም አለ።

እናት ከቆጪ
በረካው ላይ ተይዣለሁ። ሌላው፣ ማታ እግሩን ያወራጫል፣ "እግሬን እሺልኝ" ይላል። የአለርጂ ሽሮፕ ያስተኛዋል ያሉኝም አሉ።

ነርስ ከሄርማታ
ሽሮፑን ለእንቅልፍ አትስጪው፤ አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል። እግር ማወራጨት ከብረት ማነስ ጋር ይያያዛል፣ ስለዚህ የፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸው ብረት) ምርመራ ጠይቂ። ሄሞግሎቢን ብቻውን አይበቃም፣ እሱ ደህና ሆኖ ክምችቱ ሊያንስ ይችላል። ፌሪቲን ከ50 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ሐኪሙ ብረት ሊያዝለት ይችላል፤ በራስሽ አትጀምሪ። ትኩሳት ወይም ወባ በያዘው ሰሞን ውጤቱ ያለቅጥ ከፍ ስለሚል ያኔ አታስመርምሪ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡም ብረቱ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ።

ፊዚዮ ጅማ
ካንኮራፋና ትንፋሹ ቆም እያለ ከቀጠለ፣ በእንቅልፉ ምት ያለው መንቀጥቀጥ ካየሽ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ካቆመ፣ 24 ሌሊት አትጠብቂ፤ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ሐኪሙ ፊት ስለማይደግመው በስልክሽ ቀርፀሽ ሂጂ፣ ደረቱና እግሩ አብረው ይታዩ።