ለአባቴ ተመላላሽ ሕክምና ምክራችሁን እጠይቃለሁ
የምኖረው ደሴ አቅራቢያ ባለችው ሐይቅ ከተማ ሲሆን፣ አባቴ ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት ሕመም (ኤኤልኤስ) እንዳለባቸው አዲስ አበባ ከተነገረን ስምንት ወር ሆኖናል። ሪሉዞል 50 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ይወስዳሉ፤ መድኃኒቱ ሕመሙን ጥቂት ከማዘግየት በቀር እንደማያድን ተረድተናል። ያስቸገረን በየ3 ወሩ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዙ ነው፤ ባለፈው የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ አንገታቸውን ቀና ማድረግ ስላቃታቸው በተጠቀለለ ጋቢ ደግፌያቸው ነበር። አሁን ደግሞ ውሃ ትን ይላቸዋል (ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላቸዋል)፤ በጀርባቸው ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኛል። የጉበት የደም ምርመራውንና የትንፋሽ አቅም ልኬቱን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አሠርቶ፣ ውጤቱን ለሐኪማቸው በስልክ በመላክ ጉዞውን መቀነስ የቻለ ሰው ካለ፣ እንዴት እንዳደረገው ቢያስረዳኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።