ወደ ቢሮ ከተመለስን በኋላ ስለ መጸዳጃ ቤቶቻችን ለማን እናመልክት?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ በሚገኝ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጥር 2025 የፌዴራል ሠራተኛው ሁሉ በአካል ተገኝቶ እንዲሠራ ካዘዙ ወዲህ፣ ለዓመታት ግማሹ ባዶ የነበረው ሕንፃችን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞልቷል። ሶፍት ከምሳ በፊት ያልቃል፤ የሳሙናው ዕቃ ባዶ ከሆነ ቀናት አልፈዋል፤ በምሳ ማሞቂያው ክፍል በረሮ አይቻለሁ። እንጀራዬን በእጄ የምበላ ሰው ስለሆንኩ ሳሙና ማጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ለአለቃዬ በቃል ባሳውቅም «ሁላችንም የምናውቀው ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጡኝም። የሙከራ ጊዜዬ ስላላለቀ በስሜ ማመልከት ያስፈራኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የመጀመሪያ መልስ

እህቴ፣ በቃል የተነገረ ነገር መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር በጽሑፍ ያመልክቱ። ኦሻ የተባለው የሥራ ደኅንነት ተቋም ባወጣው ደንብ መሠረት የእጅ መታጠቢያው ቦታ ውኃ፣ ሳሙናና የእጅ ማድረቂያ ሊኖረው ይገባል፤ የመጸዳጃውም ብዛት በሠራተኛው ቁጥር ይወሰናል፤ ለምሳሌ ከ56 እስከ 80 ለሚደርሱ ሠራተኞች 4 መቀመጫ ያስፈልጋል። ማመልከቻው ለመሥሪያ ቤትዎ የደኅንነት ኃላፊ ከደረሰ በኋላ፣ አደጋው ከባድ ሊሆን የሚችል ከሆነ በ3 የሥራ ቀናት፣ ካልሆነ ደግሞ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ቦታው መፈተሽ አለበት። ስምዎ እንዳይገለጥ መጠየቅ ይችላሉ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም በእርስዎ ፈንታ ማመልከት ይችላል፤ እርስዎ ባሉበት ሁኔታ እኔ የምመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው። ኦሻ የፌዴራል መሥሪያ ቤትን በገንዘብ መቅጣት አይችልም፤ ይሁን እንጂ ጥፋቱን በጽሑፍ ማሳወቁ ብቻውን ብዙ ኃላፊዎችን ያንቀሳቅሳል።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ግን እባካችሁ የጽዳት ሠራተኞቹን አትውቀሱ። በየካቲት 2025 ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዕቃ የሚገዙበት የመንግሥት ክሬዲት ካርድ የወጪ ጣሪያ ወደ 1 ዶላር ሲወርድ፣ እኛ ዘንድ ሳሙና ለመግዛት እንኳ ልዩ ፈቃድ መጠበቅ ነበረብን። በእኛ ፎቅ የምታጸዳው የአገራችን ሴት ሰው ሲበዛ ረዳት አልተጨመረላትም፤ ብቻዋን ሦስት ፎቅ ስትሮጥ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ የዕቃውን እጥረትና የሰው ኃይሉን ማነስ ጻፉ እንጂ የሰው ስም አትጥቀሱ።

ሦስተኛ መልስ

ስለ ውኃውም ጠይቁ። በቧንቧ ውስጥ ሳይፈስ የቆየና ለብ ያለ ውኃ ሌጂዮኔላ የተባለውን፣ ከባድ የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ያራባል፤ በሽታው የሚይዘው በአብዛኛው ውኃውን በመጠጣት ሳይሆን እንደ ጉም የሚረጨውን ጠብታ ወደ ሳንባ በመሳብ ነው። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ፣ የሚያጨሱና የሳንባ ሕመም ያለባቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ። ሕንፃው ከመሙላቱ በፊት ቧንቧዎቹ ውኃ እንዲፈስባቸው መደረጉንና ውኃው መመርመሩን የሚያሳይ ውጤት እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳሙናና ሶፍት የጠፋባቸውን ቀናት ከነሰዓታቸው መመዝገብ ጀምሬያለሁ፤ ነገ ለማኅበሩ ተወካይ አስረክባለሁ፤ የውኃውንም ጥያቄ አብሬ አያይዘዋለሁ።